ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ
(ለሕግ ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመገዛትና የዝምታ ትምህርት ተደርጎ ነው። አዘውትረው የሚጠቅሱት ሰዎች የኢትዮጵያ ሕዝብ ንጉሡን ከበደል የጸዳ አድርጎ ያየው ነበር ለማለት ይፈልጋሉ። ብሂሉ ግን እንዲህ አይልም። ገበሬው ከሚያውቀው ሥራ ተነሥቶ የተናገረው ቃል ነው። ሰማይ የማይታረሰው ማረሱ ኀጢአት ስለሆነ አይደለም፤ ሞፈርና ቀንበር ስለማይደርሱበት ነው። ንጉሥም የማይከሰሰው በደል ስለሌለበት ሳይሆን የሚከሰስበት ስፍራ ስለሌለ ነው። ተናጋሪው በደሉን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ የጎደለው አደባባዩ ነው።

መንግሥት ለምን ተቋቋመ? ሰውስ በመንግሥት ላይ ምን መብት አለው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በፈላስፎች መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ገጽ ይዘዋል። ለሕግ ባለሙያ ግን ሁለቱን የሚያገናኝ ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በዳዩ መንግሥት ራሱ የሆነ እንደሆነ ተበዳዩ ወዴት ይሄዳል? የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ያላዘጋጀ መንግሥት ስለ ዓላማው የሚናገረው ቃል ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ የሚሰጠው መብት ከምጽዋት አይለይም።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ሕዝቡ ለክስ እንግዳ አለመሆኑ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛ አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው የቱንም ያህል ቢቸኩል እርምጃውን ይገታል። ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ዳኛ ፍለጋ አብረው ይጓዛሉ። በላ ልበልሃ እየተባባለ የሚሟገት ሰው አንደበቱ እንደ ጀግንነት ይቆጠርለት ነበር። ይግባኙም ከጭቃ ሹም ተነሥቶ በምስለኔውና በአገረ ገዥው በኩል እስከ ወንበሮችና እስከ አፈ ንጉሥ፣ በመጨረሻም እስከ ዙፋን ችሎት ይደርስ ነበር። እንግዲህ ደረጃው ረጅም፣ ተሟጋቹም ትጉ ሆኖ ሳለ፣ መሰላሉ የሚያበቃው በአንድ ሰው እግር ሥር ነበር። ያ ሰው ደግሞ ሕግ አውጪውም፣ ግብር አስገቢውም፣ ጦር አዝማቹም ራሱ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ተበዳዩ የሚቀረው አቤቱታ ብቻ ነው። አቤቱታና ክስ በጆሮ ቢቀራረቡም በሕግ ሚዛን የተለያዩ ናቸው። ከሳሽ መልስ ይገባኛል ይላል፤ ዳኛው ካልሰማው ዳኛው ራሱ ሕግ አፍርሷል። አቤት ባይ ግን ምሕረት ይለምናል። ደግ ንጉሥ ይሰማዋል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ በኢትዮጵያ ታሪክ የሰሙ ነገሥታት ጥቂቶች አይደሉም። ዳሩ ግን ባልሰሙበት ቀን የተጣሰ ነገር አልነበረም። ባለጉዳዩ ዕድሉን አማሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የተጻፈ ሕግ አልነበረም እንዳይባል ፍትሐ ነገሥት ነበረ። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በአረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፣ በ44ኛው አንቀጽ የነገሥታትን ግዴታ ይዘረዝራል። ከዚያ ይልቅ የሚያስደንቀው ስለ ባርነት የሚናገረው 31ኛው አንቀጽ ነው። በዚያ አንቀጽ ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻነትን እንደሚጋሩ፣ አንዱን የሌላው አገልጋይ ያደረገው ግን ጦርነትና ኀይል እንደሆነ ተመልክቷል። በአውሮፓ ፈላስፎች ዘንድ ብዙ የተወራለት ሐሳብ በኢትዮጵያ ሊቃውንት እጅ ለዘመናት ነበረ ማለት ነው። ሆኖም ባርነት እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ዘለቀ፤ ፈጽሞ እንዲቀር የታወጀው በ1934 ዓ.ም. ነው። ያን አንቀጽ ይዞ ጌታውን ሊከስ የሚችል ባሪያ፣ ክሱንም የሚቀበል ዳኛ አልነበረምና ቃሉ በብራናው ላይ ሲነበብ ኖረ።

የቋንቋው ታሪክም ተመሳሳይ ምስክርነት ይሰጣል። «መንግሥት» የሚለው ቃል «ነገሠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። መጀመሪያ ንግሥናን፣ ከዚያም የንጉሡን ዘመን፣ በመጨረሻም ዛሬ የሚታወቀውን ተቋም ለማመልከት ዋለ። ስለሆነም መንግሥትን መክሰስ ሲባል ለቀድሞው ሰው ጆሮ ንግሥናን መክሰስ ሆኖ ይሰማ ነበር። «መብት»ንም የቋንቋ ሊቃውንት «መባሕት» ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር ያዛምዱታል፤ ትርጉሙም ፈቃድና ሥልጣን ማለት ነው። ፈቃድ ካለ ፈቃጅ መኖሩ ግድ ነው። በቃላት ብቻ ተመርኩዞ ፍልስፍና መሥራት አደገኛ መሆኑ ባይካድም፣ የሁለቱ ቃላት ዝምድና በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም።

ንጉሡንና መንግሥቱን መለየት አስፈላጊ መሆኑን ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ካቀረቧቸው የማሻሻያ ሐሳቦች መካከል የንጉሡ የግል ሀብት ከመንግሥት ገንዘብ ተለይቶ እንዲታወቅ፣ ግብሩም የተወሰነ እንዲሆን የሚጠይቁት ይገኙበታል። ላይ ላዩን ሲታይ የሒሳብ ሹም ምክር ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱ ካዝናዎች ካልተለዩ መንግሥት የሚባል ባለዕዳ አይኖርም፤ ባለዕዳ ከሌለ ደግሞ ተከሳሽ አይኖርም። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በአብዛኛው የኤኮኖሚ መጽሐፍ መሆኑ ይታወቃል። ያም ቢሆን የሠራተኛው ድካም የሠራተኛው ሀብት ካልሆነ አገር አይለማም የሚለው ሐሳቡ፣ መብትን ከጸጋ ተራ አውጥቶ ከመንግሥት ሥራ መሠረት ውስጥ ያስገባዋል።

በእንግሊዝ አገር ሁለት ሰዎች ይህንኑ ነገር በተለያየ መንገድ አስበውታል። ቶማስ ሆብስ «ሌዋታን» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1651 ሲሆን፣ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ታምሳ፣ ንጉሧም በሞት ተቀጥቶ ነበር። ለሆብስ የመንግሥት ዓላማ ሰላም ነው። ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዳይበላሉ ሥልጣናቸውን ለአንድ ገዥ ያስረክባሉ፤ ገዥው ግን ከእነሱ ጋር ውል አልገባምና ውል አፈረሰ ተብሎ አይከሰስም። የሰማዩና የንጉሡ ብሂል በፍልስፍና ልብስ ቀረበ ማለት ይቻላል። ሆኖም ሆብስን እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው አንድ ያልጠበቀው ነገር ያገኛል። ዜጋው ስለ ዕዳ ወይም ስለ መሬት ከገዥው ጋር ቢከራከርና ክርክሩ ቀድሞ በወጣ ሕግ ላይ የተመሠረተ ቢሆን፣ ገዥውን እንደ ማንኛውም ባላጋራ ከሶ መሟገት ይችላል ይላል። ገዥው በሕጉ ሳይሆን በሥልጣኑ ኀይል የወሰደ እንደሆነ ግን በሩ ይዘጋል። ይህ ልዩነት ኋላ በኢትዮጵያ ሕጎች ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

ጆን ሎክ ደግሞ መጽሐፉን ያለ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1689 አወጣ። እርሱ እንደሚለው ሰው ወደ መንግሥት የሚገባው ሦስት ነገሮች ጎድለውት ነው፤ የታወቀና የጸና ሕግ፣ ለማንም የማያደላ ዳኛ፣ ፍርዱን የሚያስፈጽም ኀይል። እንግዲህ ፍጹም ሥልጣን ያለው ንጉሥ በእርሱና በሕዝቡ መካከል የሚፈርድ ዳኛ ስለሌለ፣ ከሕዝቡ ጋር ያለው ግንኙነት መንግሥት ከመኖሩ በፊት እንደነበረው ነው። ከትናንሽ አውሬዎች ሸሽቶ በአንበሳ ዋሻ መጠለልን እንደ ብልኀት መቁጠር ነው ሲል ይሳለቃል። ሎክ ራሱ በባሪያ ንግድ ኩባንያ ውስጥ ገንዘብ እንደነበረው ሲታወስ የፍትሐ ነገሥት አንባቢዎች ብቻቸውን እንዳልነበሩ ይታያል።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ወጣ። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ አርአያው እ.ኤ.አ. የ1889 የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ከ55ቱ አንቀጾች መካከል አንድ ምዕራፍ ለሕዝቡ መብት ተመድቧል። ከቦታ ወደ ቦታ መዘዋወር፣ ያለ ሕግ አለመታሰር፣ በሕግ በተቋቋመ ፍርድ ቤት መዳኘት፣ ቤት ያለ ሕግ አለመፈተሹ፣ ንብረት ያለ ሕዝብ ጥቅም አለመወሰዱ ተራ በተራ ተጽፈዋል። ይሁን እንጂ 29ኛው አንቀጽ ይህ ሁሉ በጦርነት ወይም በሕዝብ መከራ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በበላይ ሥልጣናቸው የሚወስዱትን እርምጃ አያግድም ብሎ ዘጋው። ይህን አንቀጽ በዛሬ ዓይን ብቻ ማንቋሸሽ ፍርደ ገምድልነት ነው። ለሰፊው ሕዝብ «ያለ ሕግ አትታሰርም» የሚል ቃል ከዘውዱ ማኅተም ጋር ወጥቶ መነበቡ ራሱ ትልቅ ነገር ነበረ።

የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ብዙ ርቆ ሄደ። በ43ኛው አንቀጽ ማንም ሰው ያለ ሕጋዊ ሥርዓት ሕይወቱን፣ ነጻነቱንና ንብረቱን አያጣም ተባለ። በ122ኛው ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ እንደሆነና ከእርሱ ጋር የሚቃረን ወደፊት የሚወጣ ሕግም ሆነ ውሳኔ ዋጋ እንደሌለው ተደነገገ። ለዚህ ንግግር ከሁሉ የሚበልጠው 62ኛው አንቀጽ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ንጉሠ ነገሥቱን ማንም ሊከስ አይችልም ይላል። በሁለተኛው ክፍል ግን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነዋሪ የሆነ ሁሉ መንግሥትን፣ ሚኒስቴሩን ወይም መሥሪያ ቤቱን ከባድ ጉዳት ስላደረሰ የጥፋት ሥራ በፍርድ ቤት ለመክሰስ ይችላል ይላል። ብሂሉ ለሁለት ተከፈለ። ንጉሡ ሰማይ ሆኖ ቀረ፤ መንግሥት ግን ወደ ምድር ወረደ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በ2126ኛው አንቀጽና በተከታዩ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ላጠፋው ጥፋት መንግሥት እንዴት እንደሚጠየቅ ሲዘረዝር፣ በ2137ኛው ንጉሠ ነገሥቱን ከኀላፊነት ነጻ አደረገ። የሆብስ ልዩነት ማለት ይህ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። መንግሥት የቆመው ሕዝብን ለማብላትና እኩል ለማድረግ ነው፤ የተራበ ሰው ሕገ መንግሥት አይበላም የሚል ነው። ይህን ክርክር በንቀት ማለፍ አይገባም። ጭሰኛውን ከባለ መሬቱ ያላቀቀው የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የመጣው ከዚህ አስተሳሰብ ነው፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንብረት አንቀጽ ግን ለጭሰኛው ምንም አልፈየደለትም ነበር። ነገር ግን ክርክሩን የሚያፈርሰው የራሱ ምሳሌ፣ ማለትም ረኀቡ ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ መንግሥት እያወቀ ደበቀው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ በዚያ ዓመት በአገሪቱ የነበረው ጠቅላላ የእህል መጠን ብዙ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። የጎደለው ሕዝቡ እህሉን የሚገዛበት አቅምና የሚጮኽበት አፍ ነው። ዘውዱ ወርዶ የእኩልነት መንግሥት ከተባለው ጋር አሥር ዓመት ካለፈ በኋላም፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ በዓል በታላቅ ወጪ ሲከበር ሰሜኑ እየተራበ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት በዓላማቸው አይገናኙም። የተገናኙት ጋዜጣው ሊጽፍባቸው፣ ዳኛው ሊጠራቸው ባለመቻሉ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ሕገ መንግሥቱም ታገደ። ያው አዋጅ ቁጥር 1 ሰልፍና አድማ ከለከለ፤ ይግባኝ የማይባልበት ልዩ የጦር ፍርድ ቤትም አቋቋመ። በኅዳር 14 ቀን ምሽት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ያሉባቸው ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ጉዳያቸውን እንዲመረምር የተቋቋመው ኮሚሽን ሥራውን ገና አልፈጸመም ነበር። ከሟቾቹ አንዳንዶቹ የ43ኛው አንቀጽ ሲረቀቅና ሲታወጅ በመንግሥት ከፍተኛ ወንበር ላይ የነበሩ ናቸው። አንቀጹን ሊያጸኑት ሥልጣን በነበራቸው ዓመታት እንደ ጌጥ ያዩት ይሆናል፤ በዚያች ሌሊት ግን ከአገሩ ሰው ሁሉ ይልቅ ያስፈለገው ለእነርሱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ አረፉ። ማንም ችሎት ፊት አልቀረቡም። ብሂሉ በእርሳቸው ላይ እስከ መጨረሻው ተፈጸመ፤ ንጉሥ አልተከሰሰም፤ ፍርድ ሳይሰማ ጠፋ።

የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ በፋንታው ለፍርድ ቤት ቀረበ፤ ችሎቱ በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ የጥፋተኝነት ፍርዱ የተሰጠው በ1999 ዓ.ም. ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ለፍርድ ረጅም ነው። ዋናው ተከሳሽም የተፈረደበት በሌለበት ነው። ያም ሆኖ አገር የገዙ ሰዎች ስማቸው ተጠርቶ፣ ጠበቃ ቆሞላቸው፣ ክሳቸው ሲነበብ ተሰምቷል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ10ኛው አንቀጽ ሰብዓዊ መብት ከሰው ተፈጥሮ የሚመነጭ ነው ብሎ ፈቃጁን ከመብት ትርጉም አስወጣ። ለንጉሥ የተተወ ሰማይም አላስቀረም። ፈተናው የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። የግንቦቱ ምርጫ እንደተፈጸመ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍ ከለከሉ። ተቃዋሚው ቅንጅት በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሳቸው። ሕገ መንግሥቱ የመሰብሰብ መብትን ያውቃልና፣ ክልከላው በማን ሥልጣን ተደረገ? የሚል ክስ ነበር። ፍርድ ቤቱ ነገሩ የሕገ መንግሥት ትርጉም ይጠይቃል ብሎ ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መራው፤ ጉባኤው ክልከላውን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሆኖ አላገኘውም። በውሳኔው መስማማትም አለመስማማትም ይቻላል። የማያጠራጥረው የመንግሥት መሪ በስሙ ተከሶ መዝገብ መከፈቱ ነው። የሚያሳስበው ደግሞ መዝገቡ ሳይከራከሩበት ከችሎቱ ወጥቶ መሄዱ ነው። ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም የመጨረሻ ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ማለትም ለፖለቲካ አካል የተሰጠ ስለሆነ፣ መሰላሉ ዛሬም ጫፉ ላይ ሲደርስ ከዳኞች እጅ ይወጣል። ይህ የተደረገበት በቂ ምክንያት አለ የሚሉ ጥቂቶች አይደሉም። ክርክራቸው ግን ተከሳሽና ዳኛ በአንድ ቤት የሚያድሩበትን ሁኔታ አያስቀርም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1183 የፌዴራል አስተዳደር ተቋማት ውሳኔና መመሪያ በፍርድ ቤት እንዲመረመር መንገድ ከፍቷል። ከዚህ ማኅበር አባላት ስንቶቹ በዚህ አዋጅ መዝገብ እንደከፈቱ መጠየቁ ተገቢ ነው። መንገድ የሚሄድበት ካላገኘ ሣር ያበቅላል።

ዕለታዊው ጉዳይ ግን ከዚህም ያነሰ ነው፤ ያነሰ ስለሆነም ይረሳል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጸና። ያው ሕግ በ59ኛው አንቀጽ ፖሊስ ለምርመራ የሚጠይቀው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወሰነ። ስንት ጊዜ? የሚለውን ግን አልወሰነም። ማንም ሰው ያለ ሕግ አይታሰርም የሚለው የ1923ቱ ቃል በዚህች ቀዳዳ ሲፈስ ኖሯል። ዳኛው በእያንዳንዱ ቀጠሮ ባለፉት 14 ቀናት ምን ተሠራ ብሎ ካልጠየቀ፣ ጠበቃውም እንዲጠየቅ አጥብቆ ካልተናገረ፣ ነገሩ ሁሉ ሕጋዊ ሆኖ ሰውየው ወራት ያስቆጥራል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ177ኛው አንቀጽና በተከታዮቹ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ይፈቅዳል። የታሰረው ሰው መምጣት ባይችል ሌላ ሰው ስለ እርሱ በመሐላ ሊያመለክት ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም አሳሪውን የታሰረውን ሰው ይዞ ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ያዛል። በፍርድ ቤት አጥር ሥር የተቀመጠው ራፖር ጻፊ ባሏ ለታሰረባት ሴት ወረቀቱን ሲጀምርላት በቀድሞው ልማድ «ምሕረት እንዲደረግልን በትሕትና እንለምናለን» ብሎ ነው። ወረቀቱ ጠበቃ እጅ የደረሰ እንደሆነ ያ መስመር ይሰረዝና በስፍራው «አሳሪው ቀርቦ መልስ እንዲሰጥ ይታዘዝልን» የሚል ይገባል። ከዚያ በላይ ያለው «ተጠሪ» የሚለው መስመር ላይ የጣቢያው አዛዥ ማዕረግና ስም ይጻፍና መዝገቡ ቁጥር ይሰጠዋል።